የእግር ጉዞ ቡድን ዓመት

የእግር ጉዞ ቡድን ማለት የአንድ አካባቢ ሰዎች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እየተሰባሰቡ ወጣ ብለው የሚራመዱበት ማኅበር ነው። ውድድር የለበትም። ቀድሞ የደረሰም አይሸለምም። ጡረተኛው ከተማሪው፣ ሐኪሟ ከሾፌሩ ጎን ይሄዳሉ። ከሩቅ ላየው "ተነስቶ መሄድ አይደል፣ ምን ሥራ አለው?" ያሰኛል። ሥራው ግን አብዛኛው የሚያልቀው ከጉዞው ቀን በፊት ነው።

ዛሬ እንደ ቀላል መዝናኛ ይታይ እንጂ አንዳንድ ቦታ ሰው የታሰረበት ጉዳይ ነው። በሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ሠራተኞች እሑድ እሑድ ወደ ተራራ መውጣት ቢፈልጉም ብዙው መሬት ለባለርስቶች አደን ተከልሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኪንደር ስካውት ወደሚባለው ከፍታ ክልከላውን ጥሰው ወጡ። ከአደን ጠባቂዎች ጋር ግብግብ ተፈጠረ። አምስት ሰዎች ታሰሩ። ከመሪዎቹ አንዱ ቤኒ ሮትማን ገና 20 ዓመቱ ነበር፤ 4 ወር ተፈረደበት። የሚገርመው፣ የታሰሩት መሬቱን በመርገጣቸው አልነበረም፤ የተከሰሱት በሁከትና በመሰል ወንጀሎች ነው። ፍርዱ ሰዉን ይበልጥ አስቆጣ። በ1935 የእግረኞቹ ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። በ1949 የብሔራዊ ፓርኮችና ወደ ገጠር የመግባት መብት ሕግ ወጣ። በ1951 ደግሞ ያው ኪንደር ስካውት ያለበት ፒክ ዲስትሪክት የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

የቡድኑ ዓመት የሚጀምረው በስብሰባ ነው። አጀንዳው የዓመቱን ፕሮግራም ማውጣት ነው፦ የት፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ ምን ያህል፣ ማን ይመራል? እስከ "ማን ይመራል" ድረስ ሁሉም ሐሳብ አለው። እዚያ ላይ ሲደርስ ስልኩን የማይነካካ የለም።

ፕሮግራሙን በዋናነት የሚወስኑት ብርሃንና መሬት ናቸው። ቀኑ በሚያጥርበት ወቅት ጉዞው አጭርና ቅርብ ይሆናል፤ በጨለማ ቁልቁለት መውረድን የመሰለ አደጋ የለምና። ዝናብ በሚበዛበት ጊዜ ወንዝ መሻገር የሚጠይቅና ጭቃው የሚይዝ መንገድ ይቀራል። ሙቀት ሲበረታ ማልዶ መነሳት፣ ጥላ ያለበትን መምረጥ ነው። ረጃጅሞቹና ተራራማዎቹ ጉዞዎች ቀኑ ረጅም፣ መሬቱም ደረቅ ወደሆነበት ጊዜ ይገፋሉ። ያም ሆኖ ጃኬት አይቀርም። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ታች ያላበው ሰው ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ቅኝት አለ። መሪው ከቀኑ ቀደም ብሎ መንገዱን ራሱ ሄዶ ያየዋል። ካርታ ላይ ድልድይ ያለበት ቦታ፣ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት ሊሆን ይችላል። አምና ክፍት የነበረው መተላለፊያ ዘንድሮ ታጥሮ ይገኛል። ብዙ ሰው ቁጭ ብሎ ምሳ የሚበላበት ቦታ የቱ ነው? ኔትወርክ የሚጠፋው ከየት ጀምሮ ነው? አንድ ሰው እግሩ ቢዞር መኪና እስከ የት ይገባል? በኔ ግምት ቅኝት የዘለለ መሪ ባይመራ ይሻላል።

ሰዓቱን ለመገመት ዛሬም የሚያገለግል የቆየ ስሌት አለ። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ነው። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ይያዛል፤ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ይጨመራል። 10 ኪሎ ሜትርና 300 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ 2 ሰዓት ተኩል ይወስዳል ማለት ነው። ይህ ግን እረፍትን አይቆጥርም፤ የጫማ ክር ማሰርንና ፎቶ ማንሳትንም አይጨምርም። ስለዚህ ለቡድን ሲሆን ከበድ አድርጎ መጨመር ነው።

የጉዞው ቀን ሁለት ሰዎች ኃላፊነት አለባቸው። መሪው ከፊት ነው። ደጀኑ ከኋላ ነው፤ ሥራው ከመጨረሻው ሰው ኋላ መሆን ብቻ ነው፣ ማንንም አይቀድምም። የአጥር በር ሲመጣ መሪው ጎን ቆሞ የሚያልፈውን ይቆጥራል። አንድ ሰው ከጎደለ ማንም አይንቀሳቀስም። ብዙ ጊዜ የጎደለው ከቁጥቋጦ ጀርባ ሽንት ቤት የሄደ ሰው ነው፤ ቢሆንም ይጠበቃል።

አባል የሚሸሸው በእረፍት አያያዝ ነው። ፈጣኖቹ ዳገቱን ጨርሰው 10 ደቂቃ ያርፋሉ። ዘገም የሚለው ሰው እያለከለከ ሲደርስ "በሉ፣ እንሂድ!" ይባላል። እረፍቱ የሚገባው ሰው ሳያርፍ ቀረ ማለት ነው። እንዲህ የሆነበት ሰው ሁለተኛ አይመጣም፤ ለምን እንደቀረም አይናገርም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ እረፍት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ለጤናስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ግምገማ በቡድን መራመድን የተመለከቱ 42 ጥናቶችን አንድ ላይ ተመልክቷል፤ ተሳታፊዎቹ 1,843 ነበሩ። የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የድባቴ ስሜት ቀነስ ብሎ ተገኝቷል፤ ይህ ነው የሚባል ጉዳትም አልታየም። አብዛኛው ተሳታፊም ሳያቋርጥ ዘልቋል። ይህ የመጨረሻው ለእኔ አይገርመኝም። ብቻውን የሚራመድ ሰው ሲደብረው ይተኛል፤ በር ላይ ቆሞ የሚቆጥረው ሰው እንዳለ የሚያውቅ ግን ተነስቶ ይወጣል። ወሬውም የራሱ ድርሻ አለው። ጎን ለጎን እየሄዱ ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው የማያነሱትን ጉዳይ ያነሳሉ።

ዓመቱ ሲገባደድ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል። የሒሳብ ሪፖርቱ ቶሎ ያልቃል። ጊዜ የሚወስደው የመሪ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ቡድን የሚፈርሰው አባል አጥቶ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሰው ላይ ሸክም ወድቆ፣ እነሱም ስለሚሰለቹ ነው። አዲስ መሪ በማስታወቂያ አይገኝም፣ በጉትጎታ እንጂ። መጀመሪያ አጭርና የሚያውቀው መንገድ ይሰጠዋል፤ የቀድሞው መሪ ደጀን ሆኖ ይከተለዋል። መንገድ ሲስት ወዲያው ከኋላ አይጮኽበትም፤ ካርታውን አውጥቶ እስኪያይ ይታገሰዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሞከረ በኋላ ስሙ በሚቀጥለው ዓመት ፕሮግራም ላይ ይገባል።