ብሮድካስት ምንድን ነው? ሁለት ሶስት ኔትወርክ ካርድ (ከኔትወርክ የሚያገናኘው ክፍል) ያለው ኮምፒውተርስ በየትኛው በኩል ነው የሚልከው?

አንድ ቅዳሜ ካውንተር ልንጫወት አራት ላፕቶፕ ይዘን ጓደኛችን ቤት ተሰበሰብን፣ ሁላችንም አንድ ዋይፋይ ላይ ገባን፣ እሱ ሰርቨር ከፈተ፣ ሁለቱ ልጆች ላን የሚለውን ሲጫኑ ጌሙ ወዲያው መጣላቸው፣ የኔ ግን ባዶ ነው። ፋየርዎል አጠፋሁ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ጌሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ ወፍ የለም። የሚያናድደው ደግሞ የሱን ላፕቶፕ ፒንግ ሳደርገው (አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው) ይመልሳል፣ ኢንተርኔቱም ይሰራል። መጨረሻ ላይ ዋየርሻርክ (በካርዱ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍቼ ዋይፋዩን ባየው ከጌሙ የሚወጣ ምንም ነገር የለም። ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም) የፈጠረውን የውሸት ካርድ ስከፍት ግን ከ192.168.56.1 ወደ 255.255.255.255 ይልካል፣ ይልካል፣ ይልካል። ላፕቶፔ "ጌም የከፈተ አለ?" እያለ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ሲጮህ ነው ያመሸው ማለት ነው።

ብሮድካስት እሱ ጩኸት ነው። ተራ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ ቁራጭ ዳታ) ተቀባዩ አንድ ነው፣ ብሮድካስት ግን እዛው ሎካል ኔትወርክ ላይ ላለ ለሁሉም የሚላክ ነው፣ ስዊቹ (የኔትወርኩን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው ሳጥን) ሲደርሰው ከመጣበት ፖርት በስተቀር በሁሉም ፖርት ያወጣዋል። የምንጮኸው የምንፈልገው ሰው የት እንዳለ ስለማናውቅ ነው። ስልካችሁ ዋይፋይ ላይ ሲገባ ገና አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ስለሌለው ላኪውን 0.0.0.0 ተቀባዩን 255.255.255.255 አድርጎ "አይፒ የሚሰጠኝ ማነው" ይላል፣ ይሄ ዲኤችሲፒ የምንለው ነው። ላን ጌምም ያው ነው፣ የጠፋ ኮምፒውተር በኔትወርክ የሚያስነሳው ዌክ ኦን ላንም አብዛኛውን ጊዜ እንደዛ ነው የሚሰራው።

በእድር ጥሩንባ ነፊ ብታስቡት ይቀላል። እሱ የሚዞረው የራሱን ሰፈር ነው፣ ከወንዙ ማዶ ያለው እድር የራሱ ነፊ አለው። ራውተር (ኔትወርክን ከኔትወርክ የሚያገናኘው) ማለት ወንዙ ነው፣ ብሮድካስት አያሻግርም። አሁን ሁለት እድር ያለው ቤት አስቡ፣ "ለእድሩ ንገሩ" ተብሎ ልጅ ተላከ፣ የትኛው እድር እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም፣ ልጁ ቅርብ ወዳለው ሮጦ ይነግርና ይመለሳል። ኮምፒውተራችሁ የሚያደርገው ልክ ይሄንን ነው፣ ምክንያቱም 255.255.255.255 የሚለው አድራሻ ውስጥ የየትኛው ካርድ ኔትወርክ እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም።

ኔትወርኩ የታወቀ ብሮድካስት ግን አለ። አይፒያችሁ 192.168.1.20 ማስኩ (ከአይፒው የትኛው ክፍል የኔትወርኩ እንደሆነ የሚናገረው) 255.255.255.0 ከሆነ የዛ ኔትወርክ ብሮድካስት 192.168.1.255 ነው፣ ወደሱ ስትልኩ ሲስተሙ የትኛው ካርድ እንደሆነ አይጠፋውም። ሁልጊዜ መጨረሻው 255 ነው ብላችሁ ግን እንዳትሸወዱ፣ 192.168.1.130 ሆኖ ማስኩ 255.255.255.192 ቢሆን ብሮድካስቱ 192.168.1.191 ነው። በዚህ አድራሻ ድሮ ከሩቅ ሆኖም የሰው ኔትወርክ ላይ መጮህ ይቻል ነበር፣ ስመርፍ የሚባለው ጥቃት በዛ መንገድ ስንቱን ሲያጥለቀልቅ ከ1999 ወዲህ ራውተሮች ካልታዘዙ በስተቀር እንዳያሳልፉት ተወሰነ።

ወደ ዊንዶውስ ስንመጣ፣ ኮማንድ ላይ ራውት ፕሪንት ብላችሁ ብታዩ 255.255.255.255 ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ አንድ መስመር አለው፣ መጨረሻ ላይ ሜትሪክ የሚባል ቁጥር አለ፣ ትንሹ ያሸንፋል፣ የሚላከው በአሸናፊው ብቻ ነው። የኔ ላይ የቨርቹዋልቦክሱ 281 የዋይፋዩ 306 ነበር። ለምን ካላችሁ ዊንዶውስ ሜትሪኩን ራሱ ሲሰጥ ፈጣን ለሆነው ካርድ ትንሽ ቁጥር ይሰጣል፣ የውሸቱ ካርድ ደግሞ ምንም ገመድ ሳይኖረው "እኔ 1 ጊጋቢት ነኝ" ይላል፣ ምስኪኑ ዋይፋይ 72 ሜጋቢት ላይ ነበር። ኢንተርኔቱ ያልተበላሸው የውሸቱ ካርድ ጌትዌይ (ወደ ውጭ መውጫ በር) ስለሌለው ነው፣ ለዛ ነው ችግሩ ጨርሶ የማይጠረጠረው። መፍትሄው ወይ ካርዱን ዲሴብል ማድረግ ነው (እኔ ያን ቀን ያደረግኩት እሱን ነው፣ ሪፍሬሽ ስለው ጌሙ መጣ)፣ ወይ ደግሞ የዋይፋዩ አይፒ ቨርዥን 4 ፕሮፐርቲስ ውስጥ አድቫንስድ ገብቶ አውቶማቲክ ሜትሪክ የሚለውን አንስቶ ትንሽ ቁጥር፣ ለምሳሌ 5፣ መጻፍ ነው። ቪፒኤን የጫናችሁ ሰዎችም እዚሁ ችግር ውስጥ ልትገቡ ትችላላችሁ።

ሊኑክስ ሌላ ጸባይ ነው ያለው። 255.255.255.255ን እንደማንኛውም አድራሻ ራውቲንግ ቴብል (የትኛው አድራሻ በየት እንደሚሄድ የሚናገር ሰንጠረዥ) ላይ ይፈልገዋል፣ የተለየ መስመር ካላገኘ በዲፎልት ራውቱ (የራሱ መስመር ለሌለው ሁሉ በሚያገለግለው መንገድ) በኩል ይልከዋል፣ ዲፎልት ራውት ከሌለ ደግሞ ኔትወርኩ አይደረስም ብሎ ኤረር ይሰጣችኋል። ስለዚህ ኢንተርኔቱ በአንድ ካርድ፣ ካሜራዎቹ ወይ ማሽኖቹ በሌላ ካርድ ከሆኑ ጩኸቱ ወደ ኢንተርኔቱ በኩል ይሄዳል። በአይፒ ራውት አድ ለ255.255.255.255 ብቻ ወደምትፈልጉት ካርድ መስመር ብትጨምሩለት ይስተካከላል።

ኮድ የምትጽፉ ከሆነ በሲስተሙ ምርጫ ባትተማመኑ ይሻላል። የካርዶቹን ዝርዝር አምጡና ለእያንዳንዱ አንድ ሶኬት (ፕሮግራሙ የሚልክበትና የሚቀበልበት በር) ከፍታችሁ በራሱ አይፒ ባይንድ አድርጋችሁ (አስራችሁ) ወደራሱ ብሮድካስት አድራሻ ላኩ፣ በነገራችን ላይ ሶኬቱ ላይ የብሮድካስት ፈቃዱን ካላበራችሁት ሊኑክስ ፐርሚሽን ዲናይድ ይላችኋል። እኔን ሁለት ቀን ያቃጠለኝ ግን መቀበሉ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ በካርዱ አይፒ ባይንድ ያደረገ ሶኬት ብሮድካስት ይሰማል፣ ሊኑክስ ላይ ግን አይሰማም፣ ምክንያቱም ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ተቀባይ የናንተ አይፒ አይደለማ! እዛ በ0.0.0.0 (በሁሉም አይፒ ማለት ነው) ባይንድ አድርጎ ሶኬቱን ከካርዱ ስም ጋር ማሰር ነው የሚያዋጣው።

"ታዲያ በሁለቱ ካርድ መሃል ፎርዋርዲንግ (ከአንዱ ወደ ሌላው ማሳለፍ) ላብራው" የሚል አይጠፋም፣ አይሰራም፣ ፎርዋርዲንግ ስታበሩ ኮምፒውተራችሁ ራውተር ሆነ ማለት ነው፣ ራውተር ደግሞ አያሻግርም ብለናል። ብሪጅ ብታደርጓቸው (ሁለቱን እንደ አንድ ስዊች ብታገናኟቸው) ያልፋል፣ ግን ሁለቱም ካርዶች አንድ ስዊች ላይ ከተሰኩና ስዊቹ ሉፕ መከላከያ ከሌለው አንዱ ጩኸት እየዞረ እየተባዛ ቤቱን በሙሉ ያንቀዋል።

አይፒ ቨርዥን 6 ላይ ብሮድካስት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም፣ በመልቲካስት (ለተመዘገቡት ብቻ በሚላክ) ተተክቷል። እዛ የሎካል አድራሻ ስትጽፉ መጨረሻው ላይ የፐርሰንት ምልክት አድርጋችሁ የካርዱን ቁጥር ወይ ስም ትጨምራላችሁ፣ የትኛው እድር እንደሆነ ለልጁ መጀመሪያውኑ ይነገረዋል ማለት ነው።