«ትሬን»፦ የአንድ እንግሊዝኛ ቃል ፍቺ፣ ምንጭና አጠቃቀም ከድሬዳዋ ሲታይ

«ትሬን» በእንግሊዝኛ ስምም ግሥም ሆኖ የሚያገለግል፣ ብዙ ፍቺ የተሸከመ ቃል ነው። ስም ሲሆን በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር፣ ከሙሽራ ቬሎ ኋላ መሬት ለመሬት የሚጎተተውን ጨርቅ፣ የመኳንንትን አጀብ፣ የግመል ቅፍለትን፣ ተያይዞ የሚመጣ የሐሳብ ወይም የክስተት ሰንሰለትን ያመለክታል። ግሥ ሲሆን ደግሞ ማሠልጠንና መሠልጠን፣ የሐረግን ቅርንጫፍ እየመሩ ማሳደግ፣ መድፍን ወይም ካሜራን ወደ አንድ አቅጣጫ መደገን ማለት ነው። ተማሪ በእጁ የሚይዛቸው ትንንሽ መዝገበ ቃላት «ባቡር፤ አሠለጠነ» ብለው ስለሚያልፉት፣ ሁለቱ ፍቺዎች በምን እንደተዛመዱ ሳይታወቅ ይቀራል።

ምንጩ «ትራሄሬ» የተባለው የላቲን ግሥ ሲሆን ትርጉሙም መጎተት ነው። ከላቲን ወደ ጥንታዊ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያም በ14ኛው ምዕት ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ገብቷል። በአማርኛ በየቀኑ የምንጠራቸው «ትራክተር» እና «ኮንትራት» ከዚሁ ሥር የወጡ ዘመዶቹ ናቸው። አማርኛ ከከባድ መኪና ኋላ የሚቀጠለውን «ተሳቢ» ሲለው፣ ከማንም ሳይዋስ በራሱ መንገድ እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሷል።

ቀደምት ፍቺዎቹ የቀሚስ ጫፍና አጀብ ናቸው፤ ሁለቱም ከባለቤታቸው ኋላ ይከተላሉና።

የግመል ቅፍለት የሚለው ፍቺ ግን ለምሥራቅ ኢትዮጵያ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። እንግሊዞች ጭነት ተሸክመው በመስመር የሚጓዙ ግመሎችን «የግመል ትሬን» ይሏቸዋል። ከባቡር በፊት የሐረር ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ በጀልዴሳ በኩል ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ የነበረው በዚህ ዓይነት ቅፍለት ነው፤ የኋለኛው ግመል ገመድ ከፊተኛው ጋር ይታሰርና አንድ ሰው ሙሉውን ሰልፍ ይመራዋል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የተተካውንም ተኪውንም በአንድ ቃል ሲጠራ፣ የፊተኛው የኋለኛውን እየሳበ የሚሄድበትን አሠራር መሰየሙ ነው።

ቃሉ በሐዲድ ላይ የወጣው እንግሊዝ ውስጥ በ1820ዎቹ ሲሆን፣ የስቶክተንና ዳርሊንግተን መስመር እ.ኤ.አ. በ1825 ከተከፈተበት ዘመን ጋር ይገጥማል። መጀመሪያ የተሰየመው ሞተሩ አልነበረም፤ የሚጎተቱት ጋሪዎች ሰልፍ ነበር። እስከ ዛሬም ጥንቁቅ ተናጋሪ ብቻውን የሚሄደውን ሞተር «ሎኮሞቲቭ» ይለዋል እንጂ «ትሬን» አይለውም።

በእኛ አገር ነገሩ የሚጀምረው አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት የባቡር መስመር ዝርጋታ ፈቃድ ነው። መስመሩ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም አቀበቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለሆነ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከደረሰበት ሜዳ ላይም ድሬዳዋ ተመሠረተች፤ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ሥራው በገንዘብና በፖለቲካ ጠብ ተቋርጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ኩባንያ ተረክቦት፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በእነዚያ መካከለኛ ዓመታት ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ከፉርጎ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ስለነበር፣ ከተማችን ሁለቱ «ትሬኖች» ፊት ለፊት የተገናኙባት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር፣ የመስመሩ ርዝመት ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ዋናው የጥገና ወርክሾፕም የተተከለው እዚሁ ነው። የኩባንያው ኦፊሴላዊ ቋንቋ ፈረንሳይኛ በመሆኑ ጣቢያውን «ላ ጋር» ሲሉ የሰማ ሕዝብ «ለገሃር» አለው፤ «ፉርጎ»ም ከዚሁ ቋንቋ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

«ትሬን» ግን አማርኛ ውስጥ ሥር አልሰደደም፤ ቦታውን አስቀድሞ «ባቡር» ይዞት ነበርና። «ባቡር» የመጣው ከአውሮፓ ቋንቋዎች «ቫፖሬ» ወይም «ቫፐር»፣ ማለትም እንፋሎት፣ ከሚለው ቃል በቱርክኛና በዓረብኛ በኩል ነው። እንግሊዝኛ ነገሩን በመጎተቱ ሲሰይመው አማርኛ በእንፋሎቱ ሰየመው። በዚህ የተነሣ «ባቡር» በአማርኛ በሞተር የሚሠራ ብዙ ነገር ሆነ፤ በአርመናዊው ነጋዴ በሰርኪስ ቴርዚያን አማካይነት የመጣው የእንፋሎት መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ፣ የእህል ወፍጮም «ባቡር» ተባለ፣ በሐዲድ የሚሄደው ከሌሎቹ እንዲለይ «የምድር ባቡር» ተባለ። ኦሮምኛም «ባቡራ» ሲል ከዚሁ ወገን ቆሟል፤ ሶማሊኛ ግን «ታሬን» ብሎ የእንግሊዝኛውን ወስዷል። ስለዚህ በድሬዳዋ ገበያ ሁለቱም ስያሜዎች በአንድ ጠዋት ይሰማሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው፣ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነው አዲሱ ሐዲድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ከእንፋሎት የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

የማሠልጠን ፍቺ የወጣው በ16ኛው ምዕት ዓመት ሲሆን፣ ምንጩም የአትክልትን ቅርንጫፍ እየሳቡ በተፈለገው ቅርጽ ማሳደግ ነው፤ «ትሬኒንግ» የሚለው የየቢሮው ቃል ከዚህ ይወለዳል። አማርኛው «ሥልጠና» ከ«ሥልጣን» እና ከ«ሥልጣኔ» ጋር አንድ ሥር ስለሚጋራ መነሻው ጨርሶ ሌላ ነው፤ በእኔ ግምት «ትሬኒንግ ወሰድን» ከማለት «ሠለጠንን» ማለቱ ይበልጣል። ኮምፒውተርን በብዙ መረጃ ማለማመድም በእንግሊዝኛ በዚሁ ግሥ ይጠራል።

በትርጉም ሥራ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ሁለት ቦታ ነው። «ትሬን» ከሐሳብ ጋር ሲመጣ «የሐሳብ ባቡር» ተብሎ መተርጐም የለበትም፤ «የሐሳብ ፈለግ» ወይም «የሐሳብ ሰንሰለት» ይበቃዋል። በተቃራኒው «ጤፉን ባቡር ቤት ወስዳ አስፈጨችው» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው «ትሬን» ብሎ ከጻፈ፣ ሴትየዋን ከነጤፏ ወደ ጅቡቲ ይሰዳታል።