«በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ምን ታደርጋለች?» ከጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ ስለ መብላት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አምና ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ክብደት ለመቀነስ የሚደረገውን የጨጓራ ቀዶ ጥገና ተሠራሁ። ስሊቭ የሚባለውን። ነሐሴ ሲገባ አዘዞ እናቴ ቤት መጥቼ ተኛሁ። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ባዶ እጁን ታማሚ የሚጠይቅ የለም። አንዷ አጥሚት፣ ሌላዋ ዳቦ፣ ጎረቤታችን እትዬ ድስት ሙሉ ሽሮ ይዘው መጡ። ሁሉም ከምግቡ ጋር ምክር ይዘው ነበር። ምግቡን ቤተሰቡ በላልኝ። ለምክሩ መልስ ስሰጥ ግን ይኸው ዓመት አለፈኝ።

«ጨጓራዋን አውጥተውት ከእንግዲህ ምን በልታ ትኖራለች?»

ጨጓራ አለኝ። ስሊቭ ሲሠራ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። የቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ነው። እናቴ ሚሊ ሊትር ምኗም ስላልሆነ የቡና ሲኒ አንስቼ በሲሪንጅ ውሃ ሞላሁበት። 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ያዘ። «እማዬ፣ ያለኝ ቦታ ሁለት ሲኒ ነው» አልኳት። ያን ጊዜ ገባት። ባይፓስ የሚባለውን ሌላውን ዓይነት፣ ከጨጓራው ትንሽ ከረጢት ተለይቶ ከአንጀት ጋር የሚገናኝበትን፣ የተሠራ ሰው ደግሞ የሚቀርለት ከረጢት መጀመሪያ ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ግማሽ ሲኒ አይሞላም።

ይህ ማለት ግን ዕድሜ ልክ በሁለት ማንኪያ መኖር አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ነው። ከዚያ ወር እስኪሞላ ድረስ ተፈጭቶ የላመ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ ይመጣል። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ቀስ በቀስ ቤት ውስጥ የተሠራውን መብላት ይቻላል። ቀናቱ ከሐኪም ሐኪም ይለያያሉ፣ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። እኔ በሁለት ሦስት ማንኪያ ጀምሬ በሦስተኛው ወር አንድ ሲኒ ደረስኩ። አሁን ሦስት ሲኒ ያህል እበላለሁ፤ ቀስ ብዬ።

«አጥሚት ያጠነክራል»

አራስ ያጠነክር ይሆናል። ቅቤና ስኳር የገባበት አጥሚት ለእኔ ግን ያችን ሁለት ሲኒ ቦታ በዱቄትና በጣፋጭ መሙላት ነው። ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ ሰውነት ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ፕሮቲን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። ስለዚህ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ የላመ እንቁላል ነበር ኑሮዬ። ለስላሳ ምግብ ሲፈቀድልኝ ደግሞ ጣና ቅርብ መሆኑ ጠቀመኝ። የጎርጎራ ዓሣ ቅቅል ያለ ብዙ ማኘክ የሚበላ፣ በፕሮቲን የተሞላ ነገር ነው። (እሾኹን የምትለቅመው እናቴ ነበረች፤ በእጄ አታስነካኝም።)

ሌላው ደንብ ቅደም ተከተል ነው። ፕሮቲኑ ይቀድማል፣ አትክልቱ ይከተላል፣ እንጀራው ቦታ ከተረፈ ነው። ልጅ ሆነን ወጥ ብቻ ስንበላ በኩርኩም የተማርነው ተገለበጠ ማለት ነው። እናቴ አሁን ራሷ «ወጡን! ወጡን!» ትለኛለች። ወንድሜ ይቀናል።

«ውሃ ጠጪበት፣ ያወርደዋል»

አያወርደውም፤ ወይ ያስጨንቃል፣ ወይ ምግቡን አጥቦ ቶሎ ያሳልፍና ወዲያው ይርባል። ከምግብ ጋር አይጠጣም። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ውጭ ቀኑን ሙሉ ፉት እያሉ አንድ ተኩል ሊትርና ከዚያ በላይ ማዳረስ ነው። ከምግቡ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር።

«ጨርሳ ባትበላ ቶሎ ትከሳለች»

ትከሳለች፤ የምትከሳው ግን ጡንቻዋም ጭምር ነው። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ ፀጉር መርገፉ በብዙዎች ላይ ይታያል፣ ተመልሶም ይበቅላል። ፕሮቲንና ብረት ያጓደለ ሰው ላይ ግን ይብሳል። ሹሩባ ስሠራ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን አይቼ አልቅሻለሁ፤ አሁን በቅሏል።

«በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ምን ታደርጋለች?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጨጓራዬን ከሐኪም ይልቅ የፈተነው ጉርሻ ነውና።

አንድ የአክስቴ ጉርሻ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይሆናል። በሁለተኛው ወር ያ ሙሉ ምሳዬ ነው። ጉርሻ ደግሞ አንድ አይባልም፤ አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ይባላል። ሦስት አክስቶች አሉኝ። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

ችግሩ መጠኑ ብቻ አይደለም። ተጠቅልሎ በአንዴ የገባ ምግብ በደንብ አይታኘክም። ቀጭኑ ቱቦ ላይ ይቀረቀርና ደረት ላይ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስላል። አፍ በምራቅ ይሞላል፣ ከዚያ መመለስ ነው። አንዴ መስከረም ላይ አክስቴ «አፈር ስሆን!» ብላ ያጎረሰችኝን ጓሮ ሄጄ መለስኩት። እሷ ድግምት ያለብኝ መሰላት።

«አልፈልግም» ማለት ጎንደር ላይ መልስ አይደለም፤ ስድብ ነው። ስለዚህ ሌላ መላ ዘየድኩ። መሶቡ ላይ እቀርባለሁ፣ ድርሻዬ ግን አስቀድሞ በትንሽ ሳህን ይወጣል። ሌላው ሲበላ እኔም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እያኘክሁ እቆያለሁ። እጇን ያነሣች አክስት ካለች «ለእኔ በጥፍርሽ ልክ» እላለሁ። ይሥቃሉ፣ ያጎርሳሉ፣ ያልፋል። ጠግቤ የቀረችውን ማንኪያ «ነውር ነው» ብዬ አልጨርስም። የዚህ ጨጓራ ጥጋብ ማስጠንቀቂያ አያበዛም። በብዙዎች ላይ ሕቅታ ወይም የአፍንጫ ፈሳሽ ምልክቱ ነው።

«ብርዝ አረቄ አይደል፣ ምን ያደርጋታል?»

ጥምቀት ከተሠራሁ በስድስተኛው ወር ዋለ። ከፋሲል መዋኛ ተመልሰን ቤት ስንገባ ብርዝ ቀረበ። ጠላውን እምቢ ብዬ ስለነበር በብርዙ አፈርኩና አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ ደለቀ፣ ሆዴ ተገለባበጠ። ሐኪሞች ዳምፒንግ ይሉታል፤ ጣፋጭ ነገር ወደ አንጀት በአንዴ ሲወርድ የሚመጣ ነው። ባይፓስ የተሠሩት ላይ ይበዛል፣ ስሊቭ የተሠራም ግን አያመልጥም። ጠላና አረቄም ከበፊቱ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባሉ፤ በድሮ ልክህ ከጠጣህ ያዋርዱሃል።

«ፆሙ ራሱ ያከሳታል»

ብዙ ሰው ይህን የሚለው በቅን ልቦና ነው። እኔ ቤት የገባሁት ፍልሰታ ላይ ነው፤ ምግቤ ደግሞ ወተት። እናቴ እኔን ወተት እያጠጣች እሷ በሽምብራ ትውላለች፤ ፊቷ ላይ ጭንቀቱ ይታያል። የንስሐ አባታችን መጥተው «መድኃኒቷ ነው፣ ትጠጣ» ሲሉ ነው ያረፈችው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሲኒ የተቀቀለ ምስር 5 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። 60 ግራም በምስር ብቻ ለመድረስ በቀን 12 ሲኒ መብላት ነው። ያውም በመጀመሪያዎቹ ወራት! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከምግብና ከውሃ መከልከል ሲጨመርበት ደግሞ ያቺ ፉት እያሉ የሚጨርሷት ውሃም ትቀራለች። ከዓመት በኋላ በሐኪም ምክርና በተጨማሪ ፕሮቲን የሚፆሙ አሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ከሐኪሙም ከንስሐ አባትም ጋር ሳይነጋገሩ አይጀመርም።

«ቫይታሚኑ ለወር ለሁለት ወር ነው»

ዕድሜ ልክ ነው። የተቆረጠው ክፍል ቢ12 እንዲመጠጥ የሚረዳ ነገር ያመነጭ ነበር፤ የሚገባው ምግብም ራሱ ትንሽ ነው። ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12 ይታዘዛሉ፣ ደምም በየጊዜው ይመረመራል። ብረትና ካልሲየም አብረው አይዋጡም፤ ሁለት ሰዓት ማራራቅ ነው። ለእኛ አገር ሰው አንድ የምጨምረው አለ፦ ብረቱን በቡና ወይም በሻይ አታወራርዱት፤ እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ።

«ማስታወክ የተሠራ ሰው ወጉ ነው»

አንዴ ከልክ በላይ ጎርሶ መመለስ ያጋጥማል። በየቀኑ መመለስ ግን ወግ አይደለም። ለቀናት ከቀጠለ፣ ውሃ እንኳ አልቆይ ካለ፣ ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው። ቢ1 የተባለው ቫይታሚን ቶሎ ያልቅና ነርቭና አእምሮ ይጎዳል።

«አንዴ ተሠርታለች፣ ከእንግዲህ አትወፍርም»

ክብደት በፍጥነት የሚወርደው እስከ ዓመት፣ ዓመት ተኩል ድረስ ነው። ከዚያ ሰውነት ይለምዳል። ትንሿ ጨጓራ ሥጋና እንቁላልን ታቆማለች፤ ጁስን፣ ብስኩትን፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆረጠም ቆሎን ግን አታቆምም። ሾልከው ያልፋሉ።

የእኔ ወጥመድ ቡና ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ጎን ለጎን ዳቦ። ክብደቴ ለሁለት ወር ቆመብኝ፤ ምክንያቱን ስፈልግ ረከቦቱ ላይ አገኘሁት። ስኳር መተዌን ለእናቴ ስነግራት ሲኒውን ይዛ ትንሽ አሰበች። «ታዲያ በጨው ላድርግልሽ?»