የልብ አብሌሽን እና በልብ ዙሪያ ያሉ አካላት ደኅንነት

የልብ አብሌሽን የልብ ምት መዛባትን የሚያስነሳውን ወይም የሚያዛምተውን የልብ ጡንቻ ለይቶ በመግደል ምቱን ወደ ሥርዓቱ የሚመልስ ሕክምና ነው። ካቴተር የሚባለው ቀጭን ቱቦ ብዙውን ጊዜ በብሽሽት ደም መላሽ ስር ገብቶ ልብ ውስጥ ይደርሳል። ከጫፉ የሚወጣው ሙቀት፣ ቅዝቃዜ ወይም የኤሌክትሪክ ግፊት የነካውን ሥጋ ይገድላል፤ በቦታው የሚተካው ጠባሳም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1998 በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ሚሼል ሃይሳጌርና ባልደረቦቹ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ የላይኛ ክፍሎች ያለ ሥርዓት የሚንቀጠቀጡበት የምት መዛባት) አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰቀሰው ከሳንባ ወደ ልብ ደም ከሚመልሱት ስሮች መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የሕክምናው ዋና ሥራ የእነዚህን ስሮች አፍ በጠባሳ ቀለበት ከብቦ ከልብ በኤሌክትሪክ ማለያየት ሆኗል።

አደጋው የሚመነጨው ከዚሁ ቀለበት ነው። ክፍተት ከቀረበት ሕመሙ ስለሚመለስ፣ ጠባሳው የልብን ግድግዳ ከውስጥ እስከ ውጭ ዘልቆ ማለፍ አለበት። የግራ ኤትሪየም፣ ማለትም እነዚህ ስሮች የሚገቡበት የላይኛው ግራ የልብ ክፍል፣ የኋላ ግድግዳ ግን በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ከግድግዳው ማዶ የምግብ ቧንቧ ተጠግቶ ያልፋል፤ በቀኝ በኩል የመተንፈሻ ጡንቻ የሆነውን ድያፍራም የሚያንቀሳቅሰው ፍሬኒክ ነርቭ ይወርዳል፤ ጨጓራን የሚያዝዙ የቬገስ ነርቭ ቅርንጫፎች በምግብ ቧንቧው ላይ ተዘርግተዋል፤ የልብ የራሱ ደም ወሳጅ ስሮችም በቅርብ ርቀት ይዞራሉ። ስለዚህ የአንድ ዘዴ ደኅንነት የሚለካው ልብ ላይ በሚሠራው ሥራ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳው ማዶ ባሉት ጎረቤቶች ላይ በሚያደርሰው ነገር ጭምር ነው።

በሬዲዮፍሪኩዌንሲ ዘዴ ወደ 500 ኪሎኸርዝ የሚጠጋ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በካቴተሩ ጫፍ ይለቀቃል። በኤሌክትሪኩ በቀጥታ የሚሞቀው ከጫፉ ሥር ያለው 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ሥጋ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለው የሚሞቀው ከላይ በሚወርድለት ሙቀት ነው። ሕዋስ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ላይመለስ ይሞታል፤ ሥጋው ውስጥ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ካሻቀበ ደግሞ የታመቀው እንፋሎት ፈንድቶ ግድግዳውን ሊቀድድ ይችላል። ሐኪሙ ኃይሉን ካቋረጠ በኋላም ሙቀቱ ለጥቂት ሰከንዶች ወደ ጥልቀት መጓዙን ይቀጥላል። በምግብ ቧንቧ ውስጥ የተቀመጠ የሙቀት መለኪያ አደጋውን ዘግይቶ የሚናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለኋላ ግድግዳ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ኃይል ከ20 እስከ 25 ዋት ነበር። አሁን ብዙ ማዕከላት 50 ዋት ያህል ከፍ አድርገው በየነጥቡ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይተኩሳሉ፤ ይህ ሰፋ ያለ ግን ጥልቀቱ ያነሰ ጠባሳ ይሰጣል። ሆኖም ከፍተኛ ኃይል ስህተትን የሚያርሙበትን ጊዜ ያሳጥራል። የካቴተሩ ግፊትም ከዋቱ እኩል ይመዝናል፦ በአብዛኛው የሚፈለገው ከ10 እስከ 20 ግራም ሲሆን፣ ከዚያ እጅግ ሲያልፍ ሙቀቱ ጠልቆ ይገባል፣ ግድግዳውም ለመበሳት ይቀርባል። በተጠጋጉ ነጥቦች ላይ ተከታትሎ መተኮስ ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው፤ የመጀመሪያው ነጥብ ሳይቀዘቅዝ ሁለተኛው ይደረብበታል።

የምግብ ቧንቧን ለመጠበቅ ከሚሠራባቸው መንገዶች የሙቀት መለኪያ በጣም የተለመደው ነው። ንባቡ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሲደርስ ሥራው ይቆማል። መለኪያው የሚያነበው ግን የተቀመጠበትን ነጥብ ነው፤ ቧንቧው ሰፋ ያለ በመሆኑ ከመለኪያው ራቅ ያለው ጠርዝ እየተቃጠለ ንባቡ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። መለኪያው ጉዳትን በእርግጥ ይቀንስ እንደሆነ የተደረጉት ሙከራዎችም አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም። ቧንቧውን በመሣሪያ ወደ ጎን መግፋትና ቀዝቃዛ ውኃ በሚዘዋወርበት ቱቦ ከውስጥ ማቀዝቀዝ ሌሎች አማራጮች ናቸው። ቧንቧው በሕክምናው መካከልም ቦታ ስለሚቀይር፣ ቀደም ብሎ በተነሣ ሲቲ ስካን ብቻ መተማመን አይበቃም። ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት መስጠትም የተለመደ ነው።

እጅግ የሚፈራው ጉዳት በግራ ኤትሪየምና በምግብ ቧንቧ መካከል የሚከፈተው ቀዳዳ፣ ፊስቱላ ነው። ከ550,000 በላይ ሕክምናዎችን ያካተተ ዓለም አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳመለከተው ከ10,000 ሕክምናዎች በ2 ወይም 3 ያህሉ ይደርሳል፤ በሬዲዮፍሪኩዌንሲ ክራዮባሉን ከተባለው የቅዝቃዜ ዘዴ ይልቅ በብዙ እጥፍ ይበዛል። ከተጠቁት መካከል ወደ ሁለት ሦስተኛው ሞተዋል። ሙቀቱ የቧንቧውን ግድግዳና መጋቢ የደም ስሮቹን ይገድላል፤ ቁስሉን አሲድ እየበላው ይሄዳል፤ በመጨረሻ ወደ ልብ ይበሳል። በቀዳዳው አየር፣ ምግብና ባክቴሪያ ወደ ደም ገብተው የደም መመረዝና ስትሮክ ያስከትላሉ።

ይህ ሁሉ የሚታየው በአብዛኛው ከ1 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ፣ በሽተኛው ድኛለሁ ብሎ ቤቱ በገባበት ጊዜ ነው። ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ ሲውጡ ማመም፣ ደም ማስታወክ ወይም ድንገተኛ የአንድ ጎን መዛል ከታየ፣ መጀመሪያ የሚያየው የድንገተኛ ክፍል ሐኪም በቅርቡ አብሌሽን መደረጉን ማወቅ አለበት። ምርመራው በደም ስር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣ የደረት ሲቲ ስካን ነው። ቧንቧውን በአየር የሚነፋ ኤንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብቶ ማየት) በፍጹም መደረግ የለበትም፤ አየሩ በቀዳዳው አልፎ አንጎል ይደርሳልና። የመጀመሪያው ሲቲ ንጹሕ ቢሆንም ምልክቶቹ ከቀጠሉ ይደገማል። ፊስቱላው ከተረጋገጠ የመትረፍ ተስፋ ያለው በአስቸኳይ ጥገና ነው።

የቬገስ ቅርንጫፎች ሲጎዱ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል፤ ሆድ ይነፋል፣ ጥቂት በልቶ መጥገብና ማቅለሽለሽ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይሻላል።

ክራዮባሉን በናይትረስ ኦክሳይድ የሚቀዘቅዝ ፊኛ ነው፤ የስሩን አፍ ዘግቶ በአንድ ጊዜ ዙሪያውን ያቀዘቅዛል። አንድ ቅዝቃዜ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይፈጃል። ዋና ተጎጂው የቀኙ ፍሬኒክ ነርቭ ነው፤ ከቀኝ በኩል ካሉት ስሮች ጎን ስለሚያልፍ ፊኛው ወደ ስሩ ጠልቆ በገባ ቁጥር ወደ ነርቩ ይጠጋል። መከላከያው ቀላል ነው፦ በላይኛው ትልቅ ደም መላሽ ስር በተቀመጠ ካቴተር ነርቩን እየቀሰቀሱ የድያፍራሙን ምት በእጅ መዳሰስ። ምቱ እንደደከመ ቅዝቃዜው ይቆማል፣ ፊኛውም ወዲያው ይተነፍሳል። የድያፍራሙን የኤሌክትሪክ ምልክት መቅዳት ደግሞ እጅ ከሚያውቀው ቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ የ30 በመቶ ቅናሽ የማቆሚያ ወሰን ነው። በዚህ ጊዜ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ከተሰጠ ክትትሉ ዋጋ ያጣል። ሽባነት ቢደርስም አብዛኛው በወራት ውስጥ ይመለሳል።

ከሳንባ የሚመጣው ስር ራሱም ይጎዳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብሌሽኑ ስሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚደረግ ጠባሳው ሲኮማተር ስሩ ይጠብ ነበር። ሥራው ወደ አፉ ውጭ ከተመለሰ ወዲህ ይህ ብርቅ ሆኗል። ከወራት በኋላ የሚመጣ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም የሚደጋገም የሳንባ ምች መሰል ሕመም ግን ይህን ማስታወስ አለበት።

ፐልስድ ፊልድ የተባለው ዘዴ በሙቀት አይሠራም። በማይክሮ ሰከንድ የሚለኩ ከፍተኛ የቮልት ግፊቶች የሕዋሱን ሽፋን ይበሳሱታል። የልብ ጡንቻ ሕዋስ ለዚህ ከነርቭና ከምግብ ቧንቧ ይልቅ በቀላሉ የሚጎዳ ሲሆን፣ የሕብረ ሕዋሱ ማገርም ሳይፈርስ ይቀራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ፈቃድ አገኙ፤ ከ17,000 በላይ በሽተኞች በተካተቱበት ዳሰሳም የምግብ ቧንቧ ፊስቱላም ሆነ የስር መጥበብ አልተመዘገበም። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን ዘዴውን ጉዳት አልባ አያደርገውም። ለልብ ደም ወሳጅ ስር ተጠግቶ ሲተኮስ ስሩ ሊጨማደድ ስለሚችል ስሩን የሚያላላው ናይትሮግሊሰሪን ተዘጋጅቶ ይጠበቃል። የግፊቱ ቁጥር ሲበዛ ቀይ የደም ሕዋሶች ይፈነዳሉ፣ የሚለቀቀው ሄሞግሎቢን ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የግፊቱን ቁጥር መቆጠብና በቂ ፈሳሽ መስጠት ያስፈልጋል፤ ኩላሊቱ ቀድሞ ለደከመ በሽተኛ ደግሞ ይበልጥ። ካቴተር ልብ ውስጥ በማንቀሳቀስ የሚመጡት የግድግዳ መበሳትና ስትሮክ በዚህም ዘዴ አልጠፉም።