በጋዝ የሚሠሩ የቅንጣት ዲቴክተሮች እርጅና

በጋዝ የሚሠራ ዲቴክተር፣ ማለትም የማይታዩ የጨረር ቅንጣቶችን የሚለይ መሣሪያ፣ አሠራሩ ቀላል ነው። ክፍሉ ወይም ቱቦው በጋዝ ይሞላል፤ በመካከሉ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ይወጠርና ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሰጠዋል። ኃይል ያለው ቅንጣት ሲያልፍ ከጋዙ አተሞች ላይ ኤሌክትሮኖችን ያስለቅቃል። እነዚህ ወደ ሽቦው ሲሳቡ በመንገዳቸው ያገኟቸውን አተሞች እየመቱ ሌሎችን ያስለቅቃሉ፤ ጥቂት ሆነው የተነሱት ሽቦው ላይ ሲደርሱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ሃንስ ጋይገርና ቫልተር ሙለር እ.ኤ.አ. በ1928 ያስተዋወቁት ቆጣሪ ቱቦ መሠረቱ ይኸው ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጆርጅ ሻርፓክ በ1968 በሰርን፣ በጄኔቫ አጠገብ ባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል፣ የሠራውና በ1992 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ባለብዙ ሽቦ ክፍልም መሠረቱ ያው ነው። ሰፊ ቦታን በአነስተኛ ወጪ ለመሸፈን እስከ ዛሬ ይህን የሚተካ ስላልተገኘ በአብዛኞቹ ትላልቅ የቅንጣት ሙከራዎች ጋዝ አለ።

ዲቴክተሩ ግን ያረጃል። ምልክቱ እየደከመ ይሄዳል፣ ያለ ምክንያት ኮረንት ይስባል፣ አንዳንዱም ጨርሶ ይሞታል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በጨረሩ ብቻ ያሳብባል። የተመዘገቡት ታሪኮች ሲታዩ ግን ጨረሩ ሥራውን የሚሠራው ተባባሪ ሲያገኝ ነው፤ ተባባሪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማንም ልብ ያላለው ሙጫ፣ ቱቦ ወይም ቅባት ነው።

ሽቦው አጠገብ ያለውን እንይ። የኤሌክትሮኖቹ መብዛት በሚካሄድበት ጠባብ ስፍራ የጋዙ ሞለኪውሎች ይሰባበራሉ። እንደ ሚቴን፣ ኢቴንና አይሶቡቴን ያሉ ሃይድሮካርቦኖች ሲሰበሩ ስብርባሪዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት፣ ማለትም ፖሊመር ይሆኑና ሽቦው ላይ ይለጠፋሉ። በወርቅ የተለበጠው የተንግስተን ሽቦ ውፍረቱ ከ20 እስከ 30 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነውና ጥቂት ማይክሮ ሜትር ዝቃጭ ሲጨመርበት በዙሪያው ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ይዳከማል፤ ጋዙ ምልክቱን የማጉላት አቅሙም ይወድቃል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዝቃጩ አንዳንዴ ለስላሳ ቅርፊት፣ አንዳንዴም እንደ ጢም የቆመ ክር ነው። ከሁሉ የከፋው ሲሊከን ነው። ከሲሊኮን ቅባት፣ ከጎማ ማሸጊያ ወይም በደንብ ካልጸዳ የጋዝ መቆጣጠሪያ የሚወጣ እጅግ ጥቂት ትነት ሽቦውን ለመሸፈን ይበቃል፤ በተራ ጋዝም አይለቅም። እርጅናን ለመለካት የሚያገለግለው ሚዛን በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ሽቦ ላይ የተሰበሰበው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ የሚገለጸውም የቻርጅ መለኪያ በሆነው በኩሎም ነው።

በካቶዱ፣ ማለትም ከሽቦው ፊት ለፊት ባለው አሉታዊ ገጽ፣ በኩል ያለው ችግር ሌላ ዓይነት ነው። ሉዊስ ማልተር በ1936 እንዳሳየው፣ ብረት ላይ ኮረንት የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ካለ አዎንታዊ አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮን የተነጠቁ አተሞች፣ እዚያው ላይ ይጠራቀማሉ። በሽፋኑ ግራና ቀኝ የሚፈጠረው መስክ እጅግ ስለሚበረታ ኤሌክትሮኖችን ከብረቱ ይመዛል። እነሱ ደግሞ ወደ ሽቦው ሄደው አዳዲስ አዮኖችን ይፈጥራሉ፣ አዮኖቹም ተመልሰው ሽፋኑን ይሞላሉ። ኮረንቱ በዚህ መልክ ራሱን ስለሚመግብ የጨረር ምንጩ ቢነሳ እንኳ ላይቆም ይችላል። በሃምቡርግ ዴዚ በተባለው የምርምር ማዕከል የተተከለው የሄራ ቢ ሙከራ በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህ ደርሶበታል። ቱቦዎቹ ላቦራቶሪ ውስጥ በኤክስሬይ ሲፈተኑ ደህና ነበሩ፤ በእውነተኛው የቅንጣቶች ፍሰት ውስጥ ሲገቡ ግን በሰዓታት ውስጥ ኮረንት መሳብ ጀመሩ። መፍትሔው የቱቦዎቹን ውስጠኛ ፎይል በመዳብና በወርቅ መለበጥና ጋዙን መቀየር ሆነ።

የጋይገር ቱቦ እርጅና ከዚህ ይልቅ ቀጥተኛ ነው። የድሮዎቹ ቱቦዎች ፍንጣቂውን ለማጥፋት የአልኮል ትነት ይጨመርባቸው ነበር። እያንዳንዱ ቆጠራ ጥቂት የአልኮል ሞለኪውሎችን ስለሚያፈርስ፣ አልኮሉ ሲያልቅ የቱቦው ዕድሜም ያልቃል። በክሎሪን ወይም በብሮሚን የሚሠሩት ኋለኞቹ ቱቦዎች የተሻሉት የተሰበረው ሞለኪውል ተመልሶ ስለሚገጥም ነው።

እርጅናን ለመከላከል የሚጨመሩ ነገሮች አሉ፤ ኦክስጅን፣ የውሃ ትነትና ካርቦን ቴትራፍሎራይድ የታወቁት ናቸው። በአሜሪካው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በፌርሚላብ የሲዲኤፍ ሙከራ ትልቁ የሽቦ ክፍል በአርጎንና በኢቴን ይሠራ ነበር። የውስጠኛ ንብርብሮቹ የማጉላት አቅም ሲወድቅ ወደ ጋዙ ከአንድ ሚሊዮን አንድ መቶ ገደማ ኦክስጅን ተጨመረ፤ መውደቁ ከመቆሙም በላይ የጠፋው ተመለሰ። ካርቦን ቴትራፍሎራይድ ደግሞ ሲሊከንን ሳይቀር ይነቅላል፤ ነገር ግን የሚነቅለውን አይመርጥም። በሰርን የአትላስ ሙከራ ቀጫጭን ቱቦዎች መጀመሪያ ይህን ጋዝ እንዲይዙ ታስበው ነበር፤ ሽቦውን የሚያያይዙትን የመስታወት መጋጠሚያዎች እንደሚያበላሽ ሲታወቅ ወጥቶ በዜኖን፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድና በኦክስጅን ድብልቅ ተተካ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ሌላው የሰርን ሙከራ የሆነው የኤልኤችሲቢ ውጫዊ መከታተያ፣ ማለትም የቅንጣቶችን መንገድ የሚከተለው ክፍል፣ ታሪክ ይመስለኛል። ቱቦዎቹ በዝግጅት ዘመን በከፍተኛ ጨረር ተፈትነው አልፈዋል። ተመርተው ካለቁ በኋላ ግን መጠነኛ በሆነ ጨረር የማጉላት አቅማቸው ወደቀ፤ በዚያ ላይ ጉዳቱ የሚከፋው ጨረሩ በበረታበት ሳይሆን በመካከለኛው ቦታ፣ ያውም ጋዙ ወደ ጨረር ምንጩ ከሚመጣበት በኩል ነበር። ጋዙ ምንጩን አልፎ በሚሄድበት በኩል ጉዳት የለም ማለት ይቻላል፤ በጨረሩ የተፈጠረው ኦዞን ሽቦውን ስለሚጠብቀው ነው። ምርመራው የደረሰው ክፍሎቹ የተጣበቁበት ሙጫ ላይ ነው። በውስጡ ያለው ማለስለሻ ቀስ እያለ ይተንና ሽቦው ላይ ካርቦን ያለበት ስስ ሽፋን ይሠራል። ሙጫውን መፍታት አይቻልምና ክፍሎቹ እየሞቁ ለረጅም ጊዜ በጋዝ ታጠቡ፤ ወደ ጋዙ 1.5 በመቶ ኦክስጅን ተጨመረ፤ ሽፋን የያዘውም ሽቦ ከተለመደው ከፍ ባለ ቮልቴጅ ኮረንት እንዲያልፍበት ተደርጎ ጸዳ። መከታተያው ከዚያ በኋላ እስከ 2018 አገልግሏል። እዚህ ላይ በፍጥነት የተደረገ ከባድ ፈተና ሽቦውን ከጉዳት እየጠበቀ ጉዳቱን ደብቆታል፤ የአሥር ዓመት ጨረርን በሁለት ሳምንት አሳልፎ ውጤት መስጠት አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሙቀትና እርጥበት የሚያደርሱት ጉዳት በግልጽ የታየው ባለሰሌዳ ዲቴክተሮች ላይ ነው። እነዚህ ሽቦ የላቸውም፤ ሁለት የባኬላይት (የጠንካራ ፕላስቲክ ዓይነት) ወይም የመስታወት ሰሌዳዎች በጥቂት ሚሊ ሜትር ተራርቀው ጋዝ በመካከላቸው ያልፋል። በካሊፎርኒያ የባባር ሙከራ የባኬላይቱ ውስጠኛ ገጽ እንዲለሰልስ በተልባ ዘይት ተቀብቶ ነበር። በ1999 ሥራ ሲጀመር በበጋው ሙቀትና በኤሌክትሮኒክሱ ግለት ሰሌዳዎቹን የያዘው ብረት ከ30 ዲግሪ በላይ ሞቀ፤ ኮረንቱ ጨመረ፣ ቅንጣት የመያዝ ብቃቱም ወደቀ። በኋላ በውሃ ቢቀዘቅዝም የወደቀው አልተመለሰም። የተከፈቱት ክፍሎች ውስጥ የታየው በደንብ ያልደረቀ ዘይት ነው፤ ጠብታዎቹ በኤሌክትሪክ መስኩ ተስበው ከአንዱ ሰሌዳ እስከ ሌላው ተገትረዋል። የመካከለኛው ክፍል ዲቴክተሮች በሙሉ በሌላ ዓይነት እስኪተኩ ድረስ ችግሩ ቀጠለ። በዚያው ዘመን በጃፓን ጽኩባ የቤል ሙከራ መስታወት ተጠቅሞ ከዘይቱ ችግር ቢያመልጥም እርጥበት ጎዳው። ጋዙ የሚመጣበት የፕላስቲክ ቱቦ የአየሩን የውሃ ትነት ያስገባ ነበር፤ ውሃው ፍሎሪን ካለበት ጋዝ ጋር በፍንጣቂው ውስጥ ተገናኝቶ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሆነና የመስታወቱን ገጽ በላው። ፈውሱ የፕላስቲኩን ቱቦ በመዳብ መለወጥ ብቻ ነበር።

ነገሩ በባኬላይት ተቃራኒ ነው። ባኬላይት ሲደርቅ ኮረንት የመቋቋም አቅሙ ከልክ በላይ ስለሚጨምር በሰርን በአትላስና በሲኤምኤስ ሙከራዎች ውስጥ ጋዙ ሆን ተብሎ 40 በመቶ ገደማ አንጻራዊ እርጥበት እንዲኖረው ይደረጋል።

የአየር ሁኔታ እርጅና ሳይኖር እርጅና ሊያስመስልም ይችላል። የጋዙ ግፊት በአንድ በመቶ ሲቀንስ የማጉላት አቅሙ ብዙ ጊዜ በአምስት በመቶና ከዚያ በላይ ይጨምራል፤ ሙቀት ሲጨምርም እንዲሁ። ስለዚህ የግፊትና የሙቀት መዝገብ የሌለው የእርጅና ልኬት ዋጋ የለውም። ለከተማችን ሰው ይህ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ለካንሰር የጨረር ሕክምና መጠን የሚለካበት ለአየር ክፍት የሆነ የአዮን ክፍል ያለ ማስተካከያ ቢነበብ ሩብ ያህል አሳንሶ ያሳያል፤ የማስተካከያ ብዜቱም 1.3 አካባቢ ነው።

ዛሬ የረጅም ጊዜ ፈተና ከሚደረግባቸው ቦታዎች ዋነኛው በሰርን ያለው ጂፍ ፕላስ ፕላስ የተባለው የጨረር መፈተሻ ነው። 14 ቴራቤክሬል (በሰከንድ 14 ትሪሊዮን የአተም መፍረስ) ገደማ የነበረው የሲዚየም 137 ምንጭ ሙዮን ከተባሉ ቅንጣቶች ጨረር ጋር አብሮ ስለሚሠራ ዲቴክተሩ እየተጨረረ ብቃቱ ይለካል፤ ሙከራዎቹም ለዓመታት ይዘልቃሉ። ፋቢዮ ሳውሊ በ1997 ያስተዋወቀው ጄም፣ ማለትም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ፎይል፣ ቀጭን ሽቦ ስለሌለው ዝቃጭን በተሻለ ይችላል። አዲሱ ፈተና የመጣው ከአየር ንብረት ሕግ ነው። ባለሰሌዳ ዲቴክተሮች የሚጠቀሙበት አር 134ኤ የተባለ ጋዝ ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ በመሆኑ አውሮፓ አጠቃቀሙን እየገደበች ነው። ተተኪ ከታጩት አንዱ ኤችኤፍኦ 1234ዜድኢ ከባቢ አየር ውስጥ በቀላሉ ስለሚፈርስ አየሩን እምብዛም አያሞቅም፤ በዲቴክተሩ ውስጥም እንዲሁ በቀላሉ እየፈረሰ ከአሮጌው ጋዝ የበለጠ ፍሎራይድ ይለቃል። ስለዚህ ሰሌዳዎቹ፣ ማሸጊያዎቹና ቱቦዎቹ በአዲሱ ጋዝ እንደገና ከመጀመሪያው እየተፈተኑ ነው።