ቀይ ቀበሮና ፍልፈሉ፦ በባሌ ተራሮች የአንድ አዳኝ ድርሻ እንዴት ተጠና

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ መኖሪያ የለውም። ዛሬ በሕይወት ያሉት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ይኖራሉ። ብርቅዬ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። በሚኖርበት ምድር ላይ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚሻማ፣ ማን እንደሚጠቅመው ግን በአማርኛ በቅጡ ተሰብስቦ አይገኝም። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት በመጠኑም ቢሆን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። አብዛኛው ስለ ባሌ ነው፤ ጥናቱ የበዛው እዚያ ነውና። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስሙ። እንስሳውን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ናሙናው የስሜን ተራሮች ስለሆነ ካኒስ ሲሜንሲስ ተባለ። ከዚያ በኋላ ፈረንጆቹ አንዴ ቀበሮ፣ አንዴ ጃካል ሲሉት ኖሩ። በ1990ዎቹ የዘረመል ምርመራ ከተኩላ ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ሲያሳይ ደግሞ «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚለው ስም ጸና። እኛ ዘንድ ግን ቀይ ቀበሮ ነው፣ እዚህም በዚሁ ስሙ ይጠራል። የባሌ ኦሮሞ አርብቶ አደር ጀዳላ ፈርዳ ይለዋል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሊወልዱ የተቃረቡ ባዝራዎችንና ላሞችን እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ይባላል። ይህ ስም ብቻውን አንድ የጥናት ማስታወሻ ያህላል። እረኛው አውሬው ከከብት ጋር ምን ጉዳይ እንዳለው ከተመራማሪዎቹ ቀድሞ አይቷል።

ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የአፍሪካ መሬት 80 በመቶ ያህሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። የባሌው ሳነቴ አምባ በአማካይ 4,000 ሜትር ይደርሳል። ከላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። ዛፍ የለም። ያለው ጓሳ ሣር፣ ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ፣ እዚህም እዚያም ጅብራ ነው። ወደ ወይብ ሸለቆ ሲወረድ 3,500 ሜትር አካባቢ ሣሩ ይበዛል፣ መሬቱ ይረጥባል። ብሔራዊ ፓርኩ በ1970 ተቋቋመ። ስፋቱ 2,150 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ይህ ክብር ዘገየ እንጂ አልበዛበትም።

ከ1980ዎቹ በፊት የነበረው እውቀት በአብዛኛው የተጓዦችና የፓርክ ኃላፊዎች ማስታወሻ ነው። ዋናው ጥናት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተመራማሪዎቹ ክላውዲዮ ሲሌሮ-ዙቢሪ እና ዳዳ ጎተሊ በ1980ዎቹ መጨረሻ ባሌ ሄደው ለአራት ዓመት ያህል ቀበሮዎቹን አንድ በአንድ እየለዩ ተከታተሉ። ዛሬ ስለ ቀይ ቀበሮ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ሥሩ ይህ ሥራ ነው። በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ተኩላ ጥበቃ ፕሮግራምም የበቀለው ከዚሁ ነው።

የጥናቱ ልብ ዓይነ ምድር ነበር። ለሰሚው ደስ ባይልም፣ አንድ አውሬ ምን እንደሚበላ ለማወቅ ከዚህ የታመነ ምስክር የለም። የተገኘው ይለቀማል፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍበታል። ከዚያ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ጥርሱና ፀጉሩ ለብቻ ይለያል። የአይጥ ጥርስ እንደ ዘሩ ቅርጹ ስለሚለያይ የትኛዋ አይጥ እንደተበላች ይናገራል። በዚህ መንገድ 689 ናሙና ተመረመረ። ከተበላው እንስሳ ውስጥ 95.8 በመቶው አይጥና የአይጥ ዘመድ ሆነ። የቀረው የጥንቸል፣ የወፍና አልፎ አልፎ የሌላ እንስሳ ነበር። «ቀይ ቀበሮ በግ ጨረሰብን» ለሚለው የቆየ ክስ፣ ቢያንስ ባሌን በተመለከተ፣ ከዚህ የጠራ መልስ አልተገኘም።

ከአይጦቹ ሁሉ ትልቁ ድርሻ የግዙፉ ፍልፈል ነው። ይህ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች ሌላ የትም የለም። ትልልቁ እስከ 900 ግራም ድረስ ይመዝናል። ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ አናት ላይ ተቀምጠዋል። የሚበላው ከጉድጓዱ አፍ ሳይርቅ ነው። ግማሽ አካሉን ብቅ ያደርጋል፣ በአፉ ሣሩን ይነጫል፣ ጎትቶ ይገባል። አካባቢው ሲያልቅበት ሌላ አፍ ይከፍታል። ሌሊት ብርዱ ስለሚበረታ ጉድጓዱን በአፈር ይደፍናል። ቀበሮው ደግሞ ሰዓቱን በእሱ ሰዓት አስተካክሏል። ሌሎች ብዙ የውሻ ዘሮች በጨለማ ያድናሉ፣ ይህኛው የቀን ሠራተኛ ነው።

አደኑ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቀበሮው ብቻውን ይወጣል። ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ጆሮውን ያቀናል። ፍልፈሉ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ቀበሮው ሆዱን ከመሬት አጣብቆ ይሳባል። ፍልፈሉ ሲገባ ጥቂት እርምጃ ይጠጋል፣ ሲወጣ ደርቆ ይቀራል። ይህ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል። መጨረሻው አንድ ዝላይ ነው። ከሳተ መቆፈር ይጀምራል። የተረፈውን ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ቀብሮ የሚያቆይበት ጊዜም አለ።

ፍልፈሉም ብቻውን አይደለም። የደጋዋ ትንሽ ቡናማ ወፍ ጉድጓዱ አጠገብ ትቆማለች። ፍልፈሉ አፈር ሲገፋ የሚወጡትን ነፍሳት ትለቅማለች። አደጋ ስታይ ትጮኻለች፣ ፍልፈሉ ይገባል። እሱ ምግብ ይገልጥላታል፣ እሷ ትጠብቀዋለች። ቀበሮው ለመሳቡ አንዱ ምክንያት ፍልፈሉ ሳይሆን ይህች ወፍ ሳትሆን አትቀርም።

ፍልፈሉ መሬቱንም ይለውጣል። ከሥር አፈር አውጥቶ ይከምራል፣ ጉድጓዶቹ ውሃና አየር ያስገባሉ። በቆፈረው ላይ የሚበቅለው ተክል ካልተቆፈረው ይለያል። ስለዚህ የቀበሮውን ድርሻ የሚያጠና ሰው ሳይወድ በግድ አፈር አጥኚ ይሆናል። ሰውም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከገባ ቆይቷል። በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት 3,469 ሜትር ላይ ባለው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ዋና ምግባቸው የነበረው ይኸው ግዙፍ ፍልፈል ነው። ተራራው ያኔ በከፊል በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። በዚያ ከፍታ ሰው መኖሩን ከሚያረጋግጡ ማስረጃዎች እጅግ ከቆዩት አንዱ ይህ ነው፣ ያውም የእኛው ባሌ ላይ።

አንድ ክርክር አለ። አይጥ በበዛበት ቀበሮ ይበዛል፣ ይህ አያከራክርም። ጥሩ በሆነው መሬት አንድ መንጋ የሚይዘው ግዛት 6 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ለውሻ ዘር በጣም ትንሽ። ግን ቀበሮው በበኩሉ የአይጦቹን ቁጥር ይቀንሳል ወይ? አንዳንዶቹ ሣሩና ዝናቡ ነው የሚወስነው ይላሉ። ሌሎች የአዳኙን ጫና ያጎላሉ። ወርቃማው ንስርና ሌሎች አሞሮች ከዚሁ ማዕድ ስለሚቆርሱ የቀበሮውን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ቀላል አይደለም። የከብት ነገርም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው። ግጦሽ ሲበዛ ሣሩ ያልቃል፣ አይጡ መሸሸጊያ ያጣል። ይሁንና ቀበሮው በከብት መንጋ ተከልሎ አይጥ ሲያደባ በተደጋጋሚ ታይቷል።

አብሮ መሰማራት ከታየ መንዝ ጓሳን ማንሳት ግድ ነው። ጓሳን የአካባቢው ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ በቀሮ ሥርዓት ጠብቆታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ተፈቅዶ ይታጨዳል። ሥርዓቱ በ1975ቱ የመሬት አዋጅ ቢናጋም ሕዝቡ አልተወውም፣ ዛሬ በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ነው። የተመራማሪው የዘለዓለም ተፈራ ጥናት ይህ ባህላዊ አጠባበቅና የቀበሮው ህልውና እንዴት እንደተሳሰሩ በሰፊው አሳይቷል። በዚያ ግዙፉ ፍልፈል የለም፤ ተራው ፍልፈልና የሣር አይጦች ይተኩታል። በ2015 የታተመ የእነ ቪቬክ ቬንካታራማን ሥራ ደግሞ ቀበሮው በጭላዳዎች መሐል ሲሰማራ አይጥ ለመያዝ ከሚያደርገው ሙከራ 67 በመቶው እንደሚሳካ፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ እንደሚሳካ አስታወቀ። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም። እሱም ግልገላቸውን ለመንካት አይቃጣም፤ ቢነካ መንጋው አባሮት ጥቅሙ ይቀርበታል።

በስሜን፣ በወሎና በአርሲ ተራሮችም አነስተኛ ቁጥር አለ። ከጎጃሙ ጮቄ ግን ጠፍቷል።

በሽታው ሌላው ትልቅ ምዕራፍ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003–2004 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገባ። ያመጡት ከእረኞች ጋር የሚወጡ ውሾች ናቸው። በሁለተኛው ወረርሽኝ በወይብ ሸለቆ ክትትል ከሚደረግላቸው ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስት ያህሉ አለቁ። ቀበሮዎቹ ብቻቸውን ያድናሉ እንጂ በመንጋ ነው የሚኖሩት። ጠዋትና ማታ ተገናኝተው ይላላሳሉ፣ ቡችላ አብረው ያሳድጋሉ። አንዱ ሲታመም ሁሉም የሚያዙት በዚህ ነው። ያኔ በተደረገው ክትባት ሁሉንም ማዳረስ ሳያስፈልግ፣ መንጋዎቹን በሚያገናኙት መተላለፊያዎች ያሉትን መከተብ በሽታውን እንደሚገታ ታወቀ። ከ2018 ጀምሮ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ በሌሊት ይቀመጥላቸዋል። ይህን የሚያደርጉት ብዙዎቹ የአካባቢው ልጆች የሆኑ ተከታታዮች ናቸው። በፈረስ ይወጣሉ፣ እያንዳንዱን ቀበሮ በመልኩ ያውቁታል። የእነሱ ስም በጥናቶቹ ሽፋን ላይ ብዙም አይታይም፤ ጥናቶቹ የቆሙት ግን በእነሱ ዓይን ላይ ነው።

በመጨረሻ የታወቀው ነገር ከአይጥ ጋር ግንኙነት የለውም። በባሌ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆም ቀይና ቢጫ አበባ አለ። በ2024 የታተመ ጥናት ቀበሮዎች የዚህን አበባ ማር እንደሚልሱ ገለጸ። የታዩት ከሦስት መንጋ የሆኑ ስድስት ቀበሮዎች ናቸው። አንዳንዱ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ይጎበኛል፣ አፍንጫው በአበባ ዱቄት ቢጫ ይሆናል። ዱቄቱን ከአበባ አበባ ማድረሱ ተክሉን ያራባው እንደሆነ ግን ገና ያነጋግራል። ትልቅ ሥጋ በል አውሬ እንዲህ ሲያደርግ ሲመዘገብ ግን የመጀመሪያው ነው ተብሏል። ሲሌሮ-ዙቢሪ እንደሚናገረው አበባው ጣፋጭ መሆኑን ያወቀው ከቀበሮዎቹ አይደለም። ቀድሞ የባሌ እረኞች ልጆች ሲልሱት አይቶ እሱም ቀምሶት ነበር።