ዳዊት፦ ንጉሥ፣ ነቢይ ወይስ መጽሐፍ?

ልጅ ሆኜ አያቴ «ዳዊቴን አቀብለኝ» ሲሉኝ ሰውየውና መጽሐፉ ይምታቱብኝ ነበር። የሚፈልጉት በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ የተቀመጠውን መዝሙረ ዳዊት ነው። በእኛ በኦርቶዶክሶች ዘንድ 150 መዝሙር አለው፤ ስለ ጎልያድ የሚናገር አንድ ተጨማሪም አለ። «ዳዊት ደገመ» ማለት ይህን ጸለየ ማለት ነው። ሁሉም ግን በዳዊት ስም አይደለም፤ የዘማሪዎቹ የአሳፍና የቆሬ ልጆች መዝሙሮችም አሉበት።

ሰውየውስ? ለአይሁድ ከሁሉ በፊት ንጉሥ ነው። የሚጠብቁት መሲሕ ከዘሩ ይመጣል። ክርስቲያኖች መጥቷል እንላለን፤ የማቴዎስ ወንጌል ገና በመጀመሪያው ቁጥር ኢየሱስን «የዳዊት ልጅ» የሚለው ለዚህ ነው።

በእስልምና ነቢዩ ዳውድ ናቸው። ዘቡር የተባለው መጽሐፍ የተሰጣቸው፣ ብረት የለሰለሰላቸው። አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን ማፍጠር ዛሬም «የዳውድ ጾም» ይባላል።

ዋናው ልዩነት ዳዊት የሰው ሚስት የነበረችውን ቤርሳቤህን በወሰደበት ታሪክ ላይ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ኃጢአቱን ሳይደብቅ ይናገራል፤ መዝሙር 50 (በዕብራይስጡ 51) የንስሐው ጸሎት ነው። ሙስሊሞች ግን ነቢያት ከእንዲህ ያለ ኃጢአት የተጠበቁ ናቸው ብለው ስለሚያምኑ ታሪኩን አይቀበሉትም። ስለዚህ ከሙስሊም ጎረቤታችሁ ጋር ስታወሩ «ዳዊት እንኳ በድሎ የለ» ብላችሁ ምሳሌ አታምጡ፤ ቅር ይላቸዋል።